ከጀርባው የሚመረጥ በር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1992 ሊነጋጋ ሲል አንድሩ የተባለው ሃሪኬን ከማያሚ በስተደቡብ፣ በሆምስቴድ አካባቢ ወደ ምድር ገባ። በጊዜው ደረጃ አራት ተብሎ ተመዘገበ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ መረጃው እንደገና ሲመረመር ወደ ደረጃ አምስት ከፍ አለ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ የላካቸው መሐንዲሶች በፍርስራሹ መካከል እየዞሩ እያንዳንዱ ቤት በየት በኩል እንደተረታ መዘገቡ። በሪፖርታቸው ውስጥ ደጋግመው ከሚነሱት ደካማ ቦታዎች አንዱ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የጋራዥ በር ነበር።

ነገሩ የሚገርም ሊመስል ይችላል። የደቡብ ፍሎሪዳ ቤት ግድግዳው ባብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ጣሪያው በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል። ታዲያ በዚህ ጠንካራ ሣጥን ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ይተውና ለሁለት መኪና የሚበቃ፣ 16 ጫማ ስፋትና 7 ጫማ ቁመት ያለው በር ይገጠምበታል። አሥር ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ላሜራ ነው፤ በአራት ወይም በአምስት አግድም ፓነል ተቆራርጦ በማጠፊያ ተያይዟል፤ ግራና ቀኝ ደግሞ በትናንሽ ሮለሮች ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ያን ሁሉ ስፋት ይዘው የሚያቆሙት እነዚያ ሮለሮች ናቸው። ነፋስ መሐሉን ሲገፋው በሩ ይለምጣል፤ ሲለምጥ ጠርዞቹ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፤ ሮለሮቹ ከሐዲዱ ሾልከው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በር የሚባል ነገር የለም።

ጉዳቱ ግን በሩ ላይ አያበቃም። ነፋስ ቤትን ሲመታ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ይገፋል፤ ጣሪያውንና የቀሩትን ግድግዳዎች ደግሞ ወደ ውጭ ይስባል። በሩ እስከቆመ ድረስ ጣሪያው በዋናነት የሚታገለው ከላይ ከሚስበው ኃይል ጋር ነው። በሩ ሲሄድ ግን ነፋሱ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ከታች ወደ ላይ መግፋት ይጀምራል። ላዩ ይስባል፣ ታቹ ይገፋል፤ ጣሪያው በሁለቱ መካከል ይነሳል። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው የጭነት ደንብ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። ቀዳዳዎቹ ለተዘጉ ቤት የሚያዘው የውስጥ ግፊት መለኪያ 0.18 ነው፤ በአንድ ወገን ለተከፈተ ቤት 0.55 ይሆናል። አንድ በር በመሄዱ ብቻ ከውስጥ የሚመጣው ግፊት ሦስት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለ ቤት ባለቤት አዲስ የጋራዥ በር ሲመርጥ ለጣሪያው ጭምር እየመረጠ ነው። ሻጮች የሚያሳዩት ካታሎግ ግን ሁሉም የፊት ፎቶ ነው፤ የእንጨት መልክ ያለው፣ ባለ መስኮት፣ ነጭ፣ ግራጫ። በእኔ እምነት ካታሎጉን ዘግቶ ‹‹ጀርባውን አሳዩኝ›› ማለት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት። ነፋስን የሚቋቋሙት ነገሮች ሁሉ ያሉት በጀርባው ነው፤ አግድም የተጣሉት ማጠናከሪያ ብረቶች፣ ማጠፊያዎቹ፣ ሐዲዱና ሐዲዱን ከግድግዳ ጋር የሚያስረው ብሎን። ሁለተኛው ጠላት፣ ማለትም ጨው፣ የሚጀምረውም ከጀርባው ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ማይሉን ትተው ግፊቱን ይጠይቁ

‹‹ይህ በር 150 ማይል ይችላል›› የሚል ሻጭ ብዙ አልነገረዎትም። ያው ነፋስ ባንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት በሮችን እኩል አይመታም። በሌሎች ቤቶችና በዛፎች የተከበበ ቤት አንድ ደረጃ አለው፤ ፊቱ ክፍት ውኃ የሆነ ቤት ሌላ፣ የከበደ ደረጃ አለው። የቤቱ ቁመት፣ የበሩ ስፋት፣ በሩ ለቤቱ ማዕዘን ያለው ቅርበት፣ ሁሉም ሒሳቡን ይቀይሩታል። በዚያ ላይ የጭነት ደንቡ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው እትም የፍጥነቱን አቆጣጠር ስለለወጠ የአሮጌ በር ‹‹ማይል›› እና የአዲስ በር ‹‹ማይል›› አንድ አይደሉም። ሳይለዋወጥ የሚነጻጸረው ቁጥር ግፊቱ ነው፤ በስኩዌር ጫማ ስንት ፓውንድ የሚለው።

ቁጥሩ ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ አንዱ የመደመር ምልክት ያለበት፣ ሌላው የመቀነስ። የመጀመሪያው ነፋሱ በሩን ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ ሲስበው የሚችለውን ይናገራል። የመቀነሱ ብዙ ጊዜ ከመደመሩ ይበልጣል፤ ብዙ ገዢ ግን አንዱን ብቻ አይቶ ያልፋል። ለምሳሌ 40 ፓውንድ የሚል በር እንውሰድ። ባለ 16 በ7 ጫማ በር 112 ስኩዌር ጫማ ነው፤ በ40 ሲባዛ 4,480 ፓውንድ ይመጣል፤ ከ2,000 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ሃያ ኩንታል ጤፍ በሩ ላይ ተደገፈ እንደማለት ነው፤ ያውም ጤፍ ካረፈበት አይነቃነቅም፣ ነፋስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋና ሲስብ ያድራል።

የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በሰዓት 100 ማይል የሚነፍሰው ነፋስ ወደ 175 ሲደርስ ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ጫናው ሦስት እጥፍ ይሆናል። 175ን ዝም ብዬ አልመረጥኩም፤ የማያሚ-ዴድ ካውንቲ ተራ የመኖሪያ ቤት ታስቦ የሚሠራበት ፍጥነት ነው፤ በጎረቤቱ ብራዋርድ ካውንቲ 170 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ በፍሎሪዳ የግንባታ ደንብ ውስጥ የከፍተኛ ፍጥነት ሃሪኬን ቀጠና ይባላሉ፤ በአሜሪካ ምድር ለበር ከተጻፉት በጣም ጥብቅ ሕጎች አንዳንዶቹ ያሉት እዚያ ነው።

ከአንድሩ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የደቡብ ፍሎሪዳ ደንብ የመስኮትና የበር የምት ፈተና አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ለመላው ግዛት አንድ ወጥ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። የምት ፈተናው ቢያዩት ደስ የሚል ነው። በሩ ከነሐዲዱና ከነብሎኑ በፈተና ግድግዳ ላይ ይገጠማል። ፊት ለፊቱ በታመቀ አየር የሚተኩስ ረጅም ቧንቧ አለ፤ በውስጡ ዘጠኝ ፓውንድ የሚመዝን፣ ለጣሪያ ማዋቀሪያ የሚውል ዓይነት ተራ ጣውላ ተሰክቷል። ጣውላው በሴኮንድ 50 ጫማ፣ ማለትም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወነጨፈ በጫፉ በሩን ይመታዋል። ከጎረቤት ጣሪያ የተነቀለ እንጨት በማዕበል ሲበር የሚያደርገውን ለመምሰል ነው። ላሜራው ቢጎደጉድ ግድ የለም፤ መቀደድ የለበትም። ከዚያ የተመታው በር እንደተጎዳ እዚያው ሆኖ ከሺህ ጊዜ በላይ በአየር ግፊት ይገፋል፣ ይሳባል። ለሌላው ፈተና፣ ለቋሚው ግፊት፣ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈለት ቁጥር አንድ ተኩል እጥፍ ይጫንበታል። ስለዚህ 40 የሚል በር ያለፈው 60 ችሎ ነው።

ያለፈው በር ማያሚ-ዴድ ውስጥ ኤንኦኤ የሚባል የተቀባይነት ወረቀት ያገኛል፤ በቀረው ፍሎሪዳ ደግሞ በኤፍኤል የሚጀምር የማጽደቂያ ቁጥር። ሁለቱንም ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት አውጥቶ ማየት ይችላል። ገዢ ሆነው አንድ ሰነድ ብቻ የማንበብ ትዕግሥት ካለዎት ይህን ያንብቡ። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ አይጠቅምም፤ ከኋላ ያሉት ሥዕሎች ናቸው ሥራውን የሚነግሩዎት። ባንዱ ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ፓነል ስንት ማጠናከሪያ ብረት እንደሚሸከም አለ፤ በሌላው የሐዲዱ ማሰሪያ በየስንት ኢንች እንደሚደረደር፤ በሌላው ደግሞ የበሩ መቃን እንጨት ብሎኬት ላይ በምን ዓይነት ብሎን፣ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚታሰር። ሰነዱ የጸደቀው ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲሆን ነው። ፓነሉን ከዚህ፣ ሐዲዱን ከአሮጌው በር፣ ብሎኑን ከመደብር ያጣመረ ገጣሚ ማንም ፈትኖት የማያውቅ በር ሠርቷል። ‹‹አሮጌው ሐዲድ ገና ደህና ነው፣ እንቆጥብልዎ›› የሚባለው አባባል ቅንነት ሊኖረው ይችላል፤ በባሕር ዳር ግን አይቀበሉት።

አንዳንድ በር ቁጥሩን የሚያሟላው ማዕበል ሲመጣ ከውስጥ ቋሚ ብረቶች ሲደገፉለት ብቻ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ በሕግም ችግር የለበትም። እኔ ግን አልመክረውም፣ በተለይ ቤቱን ለሚያከራይ ወይም ዓመቱን ሙሉ እዚያ ለማይኖር ሰው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ እየኖረ ፍሎሪዳ ቤት የገዛ ወገን አለ። ማዕበሉ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል ሲባል ያንን ብረት ጋራዡ ውስጥ ካለበት አውጥቶ የሚደግፈው ማን ነው? ተከራዩ ለቆ ሄዷል፣ አውሮፕላን ቆሟል። ሰው ሳይኖር ሥራውን የሚሠራ በር ይሻላል።

ሁለት ነጠላ በር ከአንድ ሰፊ በር ይሻላል የሚባለውም እውነት ነው፤ ስፋቱ ሲያጥር መለመጡ ይቀንሳልና። ግን ግድግዳ አፍርሶ መሐል ቋሚ ማቆም ስለሚጠይቅ ቤት ሲሠራ እንጂ በር ሲቀየር እምብዛም አይሆንም። መስኮት ያለው በር ከወደዱ መስታወቱም የምት ፈተናውን ያለፈ መሆን አለበት፤ ዋጋውን ሲሰሙ አብዛኛው ሰው መስኮቱን ይተወዋል።

ዝናብ የማያጥበው ወገን

ሃሪኬን በአሥር ዓመት አንዴ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። ጨው ግን በየቀኑ ይመጣል። ማዕበሉ ዳር ሲሰበር የሚፈናጠረው ውኃ በአየር ላይ ይደርቅና የማይታይ የጨው ብናኝ ሆኖ ወደ ሰፈር ይገባል። ለዳርቻው የቀረበ ብረት የሚያገኘውና ከዳርቻው ፈቀቅ ያለው የሚያገኘው ብናኝ በጣም ይራራቃል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኩሬ ቢች በሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብረት ደጅ እያሰጡ ዝገቱን የሚለኩበት ጣቢያ አለ፤ አንዱ ሜዳ ከባሕሩ 25 ሜትር፣ ሌላው 250 ሜትር ይርቃል። ያው ብረት ቅርብ በሆነው ሜዳ ላይ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያልቃል። ስለዚህ ‹‹ባሕር ዳር ነኝ›› ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በሜትር ሲለካ ምን ያህል ዳር እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጨው ተንኮል ውኃ መጥራቱ ነው። ተራው የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ በራሱ ይርሳል። በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ላይ እንኳ ውኃ ከአየር ይስባል፤ ያ ማለት በባሕር ዳር አየር በጭራሽ አይደርቅም ለማለት ይቻላል። ጨው ያረፈበት ላሜራ በፀሐይ ደርቆ ሲታይ እንኳ በዓይን የማይታይ የጨው ውኃ ለብሷል። እዚህ ላይ ነው ፊትና ጀርባ የሚለያዩት። የበሩ ፊት ዝናብ ያገኘዋል፤ ዝናብም ጨውን ያጥባል። የበሩ ጀርባ፣ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ያለው ጥግ፣ ሐዲዱ፣ በሩን ለማንሳት የሚያግዘው ሞላ ዝናብ አይቶ አያውቅም፤ ጨዉ ግን በየስንጥቁ ይገባል፣ ይጠራቀማል። ፌማ በባሕር ዳር ቤቶች ላይ ስለሚገጠሙ የብረት ማያያዣዎች ባወጣው መመሪያ ላይ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ ግማሽ የተጠለለ ብረት ሜዳ ላይ ከተሰጣው ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል። ባለቤቱ በየዓመቱ ፊቱን እያየ ‹‹በሬ ገና አዲስ ነው›› ሲል ጀርባው አልቋል።

በሩን ዘግተው ከውስጥ ጎንበስ ይበሉና የታችኛውን ማዕዘን ይመልከቱ። ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ የብረት ማቀፊያ አለ፤ ከሞላው የሚመጣው የሽቦ ገመድ እዚያ ላይ ይያያዛል። መኪናው ከዝናብ ሲገባ የሚያንጠባጥበው ውኃ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ነፋሱ በበሩ ሥር የሚያስገባው አሸዋም እዚያው ይቀመጣል። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ነው። መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፤ ቀጥሎ አንድ ሽቦ ይበጠስና እንደ ፀጉር ወጣ ይላል፤ ከዚያ ሌላው። ጣትዎን አይስደዱበት። በሩ ሲዘጋ የሞላው ጉልበት በሙሉ ያለው በዚያ ገመድ ላይ ነው፤ ማቀፊያውን የያዘውን ብሎን መፍታት ጣት ያስቆርጣል፣ ከዚያም ይብሳል። የተበጠሰ ሽቦ ካዩ ሥራው የባለሙያ ነው።

ሞላው ራሱም ዕድሜ አለው። ከበሩ በላይ በዘንግ ላይ የተጠቀለለው ተራ ሞላ ለ10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ተብሎ ይሠራል። በቀን አራት ጊዜ የሚከፍት ቤተሰብ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ዝገት የብረቱን ቆዳ ሲቆፍረው ስንጥቁ ከጉድጓዱ ስለሚጀምር በባሕር ዳር ያን ያህልም ላይቆይ ይችላል። ትንሽ ጨምሮ ረጅም ዕድሜ የተሰጠውና ሽፋን ያለው ሞላ ማዘዝ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ካሉት ወጪዎች ሁሉ የማያስቆጨው ነው።

አሁን ስለ በሩ ዕቃ። ‹‹የማይዝግ የአሉሚኒየም በር›› የሚለው ማስታወቂያ ስለ ፊቱ እውነት ይናገራል። አሉሚኒየም በራሱ ላይ ቀጭን መከላከያ ሽፋን ያበጃል፤ ጨው ነጠብጣብ ቢያወጣበት እንጂ እንደ ብረት አይበላውም። ግን ከዚህ በር ጀርባ ያሉት ሞላ፣ ገመድ፣ ሐዲድና ማጠፊያ አብዛኛውን ጊዜ ያው የሌላው በር ብረቶች ናቸው። ከአሉሚኒየም በር ጋር ምን ዓይነት ማጠፊያና ብሎን እንደሚመጣ ካልጠየቁ የከፈሉት ለግማሽ መፍትሔ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውኃ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል። በሰፊ አሉሚኒየም ላይ የገባ ትንሽ የማይዝግ ብሎን ጉዳቱ ቀስ ያለ ነው፣ በተለይ የፕላስቲክ ሮንዴላ ከገባበት። ተገላቢጦሹ፣ በሰፊ የማይዝግ ብረት ላይ የተመታ የአሉሚኒየም ሪቬት፣ ፈጥኖ ያልቃል።

ብረት ከመረጡ ዋናው ነገር የዚንኩ ውፍረት ነው። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ጭረት ቢኖር እንኳ ብረቱ እንዳይበላ ዚንኩ ቀድሞ ይበላል። ጂ-90 የሚባለው ደረጃ በሁለቱ ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው፤ ጂ-40 የግማሹን ያህል እንኳ የለውም። ከሩቅ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ መጠየቅና በወረቀት ማየት ነው። የማይዝግ ብረትም ሁለት ዓይነት አለው። 304 የሚባለው በባሕር ዳር ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ መልክ ያወጣል፤ 316 የሚባለው ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ጨውን በደንብ ይችላል። የበሩ መቃን እንጨት ነቀዝና ብስባሴ እንዳያገኘው በመዳብ ውሕድ የተነከረ ከሆነ ያ መዳብ ራሱ ተራውን ብሎን ይበላዋል። ስለዚህ ብሎኑ ወይ በትኩስ ዚንክ የተነከረ ወይ የማይዝግ ይሁን።

ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ፀሐይ ግን ያደበዝዘዋል። እንጨት በጣም ያምራል፣ ይከብዳል፣ በየጊዜው ቀለም ይፈልጋል፤ ደስ ብሎት የሚንከባከበው ሰው ይግዛው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ማዕበሉ ከበረንዳ የሚታይበት ቤት ላይ ከተቻለ አሉሚኒየም ከ316 ብሎንና ማጠፊያ ጋር፤ ከባሕሩ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ደህና ዚንክ ያለው ብረት፣ ትርፉን ገንዘብ ለሞላና ለሐዲድ። ጋራዡ አየር ማቀዝቀዣ ከሌለው ለወፍራም የሙቀት መከላከያ ብዙ አይክፈሉ፤ ፎሙ በሁለት ላሜራ መካከል ሲጣበቅ ፓነሉን ማጠንከሩ ግን ጥቅም ነው።

ነፋሱ የማያሠጋበት ባሕር ዳርም አለ። በጅዳና በዱባይ ቪላዎች የሚያሳስበው ጨውና አቧራ ነው፤ እነዚያን በሮች ከሚያጥቡት መካከል ያሉ የእኛው ልጆች የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚዝግ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የጅቡቲን መስመር የሚመላለስ ሾፌርም መኪናውን ከሥር ማሳጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ አይነገረውም። ለበሩም ያው ነው። በወር አንድ ጊዜ ያህል ሐዲዱን፣ ማጠፊያዎቹንና የታችኛውን ማዕዘን በንጹሕ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ሞላውንና ማጠፊያውን ቅባት መንፋት። ሐዲዱ ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ አሸዋ ይይዛል። ዋስትናውንም ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ፤ ለባሕር የቀረበን ቤት ከዝገት ዋስትና የሚያወጣ ወይም ጊዜውን የሚያሳጥር አንቀጽ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ አለ።

ውኃው ሲመጣ

ነፋስን ሁሉ የሚችል በር የባሕር ጎርፍን አይችልም፤ እንዲችልም አይጠበቅም። በጎርፍ ቀጠና ስላለ ጋራዥ ደንቡ የሚለው ውኃው ይግባ ነው፤ ውስጥና ውጭ ያለው ውኃ ሲስተካከል ግድግዳው አይፈርስም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ ወለል አንድ ስኩዌር ኢንች ክፍተት፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ከመሬት ከአንድ ጫማ ባልበለጠ ከፍታ መኖር አለበት። ብዙ ሰው ‹‹በሩን እከፍተዋለሁ›› ይላል። ፌማ ይህን አይቀበልም፤ ሰው መጥቶ የሚከፍተው በር እንደ ክፍተት አይቆጠርም። ክፍተቱ በበሩ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ ግን የነፋስ ፈተናውን ያለፈው ያ ክፍተት ያለበት በር መሆን ይኖርበታል። አዲስ በር ገጥሞ በኋላ ላሜራውን መቅደድ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ወረቀቱና ክፍያው

ፍሎሪዳ ውስጥ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነፋስን ለሚቋቋም ቤት ቅናሽ እንዲያደርጉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። መርማሪው የሚሞላው ቅጽ ስለ ቀዳዳዎች ሲጠይቅ ነጥቡን የሚሰጠው ለደካማው ነው። መስኮቶቹ ሁሉ የምት መስታወት ሆነው የጋራዡ በር አሮጌ ከሆነ ለመስኮቶቹ ያወጡት ገንዘብ በቅጹ ላይ ሙሉ ዋጋ አያገኝም። በተቃራኒው ደግሞ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ በሩ ብቻ የቀረበት ቤት ባንድ ዕቃ ለውጥ ደረጃው ይዘላል። የግዛቱ መንግሥትም ቤት ማጠናከሪያ ድጎማ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ባለቤቱ ለሚያወጣው እያንዳንዱ ዶላር ሁለት ዶላር እስከ 10,000 ድረስ ሲሰጥ ቆይቷል፣ የጋራዥ በርም ይገባበታል። በጀቱ ፈጥኖ ስለሚያልቅና ደንቡ ስለሚለዋወጥ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ያመልክቱ፤ ከተሠራ በኋላ ‹‹ክፈሉኝ›› አይባልም።

በር ለመቀየር ፐርሚት ያስፈልጋል። ‹‹ያለ ፐርሚት በርካሽ እሠራልሃለሁ›› የሚል ሰው፣ የአገር ልጅ ቢሆንም፣ በማያሚ-ዴድ ያንን ሥዕል ተከትሎ ስለመግጠሙ የሚመሰክርለት የለም። መርማሪው ሲመጣ የሚያየውም ቀለሙን አይደለም፤ ሥዕሉን ዘርግቶ ብሎኖቹን ይቆጥራል።

ገጣሚው ጨርሻለሁ ሲል አንድ ነገር በራስዎ እጅ ይሞክሩ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩን የሚያላቅቀውን ገመድ ይሳቡና በሩን በእጅ እስከ ግማሽ ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይልቀቁት። ባለበት መቆም አለበት። ቁልቁል ከወረደ ወይም ወደ ላይ ከሸሸ ሞላው ለአዲሱ ክብደት አልተስተካከለም። የሃሪኬን በር በማጠናከሪያ ብረቱ ምክንያት ከአሮጌው ስለሚከብድ ይህ ስሕተት የተለመደ ነው። ያልተመጣጠነ በር ሞተሩን በአጭር ጊዜ ያቃጥላል፤ ማዕበል መብራት ሲያጠፋ ደግሞ ማንም በእጁ አያነሳውም። ስለ ሞተሩ ከተነሳ፣ ባትሪ ያለውን ይግዙ። በበሩ ግርጌ ግራና ቀኝ ያሉትን የብርሃን ዓይኖችም ይሞክሩ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሠራ የመኖሪያ ቤት ሞተር ሁሉ በሩ ልጅ ላይ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ዓይኖቹ መስታወታቸው በጨው ሲደበዝዝ በሩ አልዘጋም ይላል፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

የመጨረሻውን ክፍያ በኪስዎ ያቆዩ። ገጣሚው መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ሥራው አላለቀም፤ ያለቀው መርማሪው አይቶ ፐርሚቱ በካውንቲው መዝገብ ላይ ሲዘጋ ነው። ሳይዘጋ የቀረ ፐርሚት ለዓመታት ድምፅ አያሰማም፤ ቤቱን ለመሸጥ የተዋዋሉ ዕለት ግን ከመዝገብ ይወጣል፤ ያኔ ገጣሚውን ፈልጎ ማግኘትም፣ ፐርሚቱን ማስዘጋትም የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል።